በርና በረኛ፦ ሕዝብ በስታዲዮም ደጃፍ

በአማርኛ «በረኛ» የሚለው ቃል ሁለት ሰዎችን ይጠራል። አንደኛው በሜዳው ውስጥ በሁለት ቋሚዎችና በአንድ አግዳሚ መካከል ቆሞ ኳስ እንዳታልፍ የሚከላከለው ተጫዋች ነው። ሁለተኛው ከሜዳው ውጭ፣ በአጥሩ መግቢያ አጠገብ ቆሞ ሰው የሚያስገባና የሚመልስ ዘበኛ ነው። የመጀመሪያው በረኛ ሲሳሳት በቡድኑ ላይ አንድ ግብ ይቆጠራል፤ ስሙም በማግሥቱ ጋዜጣ ላይ ይወጣል። ሁለተኛው በረኛ፣ ይልቁንም ከእርሱ በላይ ሆኖ በሩን የሚያዝዘው ክፍል፣ ሲሳሳት ግን የሚቆጠረው የሰው አስከሬን ነው። ጥፋቱም ብዙ ጊዜ የሚጫነው በሩን ባዘዘው ላይ ሳይሆን በበሩ ላይ በሞቱት ሰዎች ላይ ነው።

የእግር ኳስ ታሪክ እስከ ዛሬ በአብዛኛው የተጻፈው የመጀመሪያው በር ታሪክ ሆኖ ነው። ማን እንዳገባ፣ ማን እንዳዳነ፣ ዋንጫውን ማን እንደወሰደ በዝርዝር ይታወቃል። የሁለተኛው በር ታሪክ በምርመራ ኮሚሲዮኖች መዛግብትና በመቃብር ድንጋዮች ላይ ተበትኖ ይገኛል። ይሁን እንጂ ስለ ኅብረተሰብ ይበልጥ የሚናገረው ይኸኛው ነው። በር የእንጨትና የብረት ሥራ ብቻ አይደለም፤ በሩን የሠራው ወገን ወደ በሩ ስለሚመጣው ሕዝብ ያለውን አስተሳሰብ የሚገልጽ ምስክር ነው። ሕዝቡን እንደ ገንዘብ የሚያይ ገንዘብ የሚሰበስብ በር ይሠራል፤ ሕዝቡን እንደ ጠላት የሚያይ የእስር ቤት በር ይሠራል፤ ሕዝቡን እንደ ሰው የሚያይ ደግሞ ሰው በደኅና ገብቶ በደኅና የሚወጣበትን በር ይሠራል። የስታዲዮም በር ታሪክ የእነዚህ ሦስት አስተሳሰቦች ትግል ታሪክ ነው።

የቅዳሜው ፊሽካ

እ.ኤ.አ. በ1863 የእግር ኳስ ሕግ በለንደን ሲጻፍ ጨዋታው ከሁሉ ይበልጥ የሀብታም ልጆች ትምህርት ቤቶች ጨዋታ ነበር። የሕዝብ ያደረገው የፋብሪካው ላብአደር ነው። በ1850 የወጣው የእንግሊዝ የፋብሪካ ሕግ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ውስጥ ሴቶችና ወጣቶች ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ እንዳይሠሩ ደነገገ፤ በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ሰዓቶች በሀገራችን አቆጣጠር ናቸው። የቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዕረፍት ቀስ በቀስ ለሌላውም ሠራተኛ ደረሰ። በ1885 ለተጫዋቾች ደመወዝ መክፈል ተፈቀደ፤ በ1888ም 12 ክለቦች ተሰባስበው የመጀመሪያውን ሊግ መሠረቱ። ጨዋታው የሚጀመርበት ልማዳዊ ሰዓት ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት ሆነ።

የበሩ ችግር ከዚሁ ጋር አብሮ ተወለደ። የፋብሪካው ፊሽካ ሠራተኛውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ይለቅቀዋል፤ የዳኛው ፊሽካ ደግሞ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ይጠራዋል። በሁለቱ ፊሽካዎች መካከል ያለችው አጭር ጊዜ በሺህ የሚቆጠር ሰው ወደ ጥቂት ጠባብ ቀዳዳዎች የሚጎርፍባት ጊዜ ሆነች። ላብአደሩ በመጨረሻው ሰዓት የሚደርሰው ሥርዓት ጠልቶ ሳይሆን ሕይወቱ የሚመራው በሰዓት ደወል ስለነበረ ነው።

የክለብ ባለቤቶች ለዚህ ጎርፍ ያቆሙለት መሣሪያ ተሽከርካሪው የብረት በር ነው። አንድ ሰው ይከፍላል፣ ብረቱ አንድ ጊዜ ይዞራል፣ ቆጣሪው አንድ ቁጥር ይጨምራል። ከነዚህ መሣሪያዎች አንዱ «ግፊያ ከልካይ» የሚል ትርጉም ያለው የንግድ ስም ነበረው። እውነተኛው ጥቅሙ ግን ሌላ ነበር፤ ሳይከፍል የሚገባውን ለማስቀረትና ገንዘብ ተቀባዩ ከገቢው ላይ እንዳይቀንስ ለመቆጣጠር ነው። መሣሪያው የገባውን ሰው ይቆጥራል እንጂ ውስጥ ቦታ መኖሩን አያውቅም። ተመልካቹ የሚቆምባቸውን ደረጃዎችና አጥሮች ይነድፍ የነበረው ስመ ጥሩ መሐንዲስ አርቺባልድ ሌች ወደዚህ ሥራ የገባው ፋብሪካዎችን ሲነድፍ ቆይቶ ነው። ላብአደሩ ከአንዱ ፋብሪካ ወጥቶ ወደ ሌላው ፋብሪካ ይገባ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሚያዝያ 5 ቀን 1902 እ.ኤ.አ. በግላስጎ ከተማ፣ ሌች በነደፈው በአይብሮክስ ስታዲዮም፣ ስኮትላንድና እንግሊዝ ሲጋጠሙ የእንጨቱ መቆሚያ ከሕዝቡ እግር ሥር ተሰብሮ 25 ሰዎች ሞቱ። ከዚያ ወዲህ መቆሚያዎቹ በአፈር ድልድል ላይ ይሠሩ ጀመር፤ የሚገፋውን ሕዝብ የሚደግፉ የብረት መከታዎችም ተተከሉ። መሬቱ ጠነከረ፤ በሩ ግን የገንዘብ በር እንደሆነ ቀረ።

ነጩ ፈረስና የቦልተኑ ቁልፍ

ሚያዝያ 28 ቀን 1923 እ.ኤ.አ. አዲሱ የዌምብሌ ስታዲዮም የመጀመሪያውን የዋንጫ ፍጻሜ ጨዋታ ሲያስተናግድ የመግቢያ ቲኬት አስቀድሞ ለሁሉም አልተሸጠም። በቆጣሪው በኩል የገቡት 126,047 ነበሩ፤ በአጥር ዘልለውና በሩን ገፍተው የገቡት ሲጨመሩ ሕዝቡ ከ200,000 ይበልጥ እንደነበር ይገመታል። ሕዝቡ ከመቆሚያው ተርፎ ሜዳውን ሞላው። ፈረሰኛ ፖሊሶች፣ ከእነርሱም ጋር በፎቶግራፍ ላይ ነጭ መስሎ የሚታየው የጆርጅ ስኮሪ ፈረስ ቢሊ፣ ሕዝቡን በትዕግሥት ወደ መስመሩ መለሱት። ቦልተን ዌስት ሐምን 2 ለ 0 አሸነፈ፤ የሞተ ተመልካችም አልነበረም።

አፈ ታሪኩ ክብሩን ሁሉ ለፈረሱ ሰጠው። እውነቱን ለመረዳት ግን ሁለት ሌሎች ነገሮችን መመልከት ያሻል። አንደኛ፣ በመቆሚያውና በሜዳው መካከል ሕዝቡን የሚያፍን ረዥም የብረት አጥር አልነበረም፤ የተጨነቀው ሕዝብ ወደ ሣሩ መውጫ አገኘ። ሁለተኛ፣ ጨዋታው 45 ደቂቃ ያህል ዘግይቶ ተጀመረ። ሰው የዳነው በቦታና በጊዜ ነው። በማግሥቱ ዓመት በ1924 የመንግሥት ኮሚቴ ስለ ሕዝብ አያያዝ ምክር ሲያቀርብ የእግር ኳስ ማኅበሩ ቀርቦ ቃሉን ለመስጠት አልፈቀደም። ምክሩም አስገዳጅ ሕግ ሳይወጣበት በመዝገብ ቤት ተቀመጠ።

የቸልታው ዋጋ መጋቢት 9 ቀን 1946 እ.ኤ.አ. በቦልተን ከተማ ተከፈለ። ጦርነቱ ገና ማለፉ ነበር። ለስድስት ዓመታት ደስታ የተነፈገው ሕዝብ ቦልተን ከስቶክ የሚያደርገውን የዋንጫ ግጥሚያና ታዋቂውን ስታንሊ ማቲውስን ለማየት በርንደን ፓርክ ወደተባለው ሜዳ ጎረፈ። የሜዳው አንደኛው ወገን በጦርነቱ ጊዜ መንግሥት ለዕቃ ማከማቻ የወሰደው ስለነበረ የዚያ ወገን በሮች ተዘግተው ነበር። የእነርሱም ድርሻ ሕዝብ በባቡር ሐዲዱ በኩል ባሉት ጥቂት በሮች እንዲገባ ተደረገ። ከቀኑ 8 ሰዓት ከ40 ላይ በሮቹ ተዘጉ፤ ሕዝቡ ግን መምጣቱን አላቆመም። በዚያን ጊዜ አንድ አባት ትንሽ ልጁን ከጭንቁ ለማውጣት ሲል የአንዱን በር ቁልፍ ከፈተ። እርሱ ሊወጣ በከፈተው በር ሌላው ሕዝብ ገባ። ሁለት የብረት መከታዎች ተሰበሩ፤ 33 ሰዎች ታፍነው ሞቱ። አስከሬኖቹ በሜዳው ዳር በካፖርት ተሸፍነው ሳሉ ጨዋታው እንደገና ተጀምሮ ያለ ግብ ተፈጸመ።

በዚህ አደጋ ላይ የቀረበው የምርመራ ዘገባ ሜዳዎች ፈቃድ እንዲኖራቸው፣ የሚገባውም ሕዝብ በሳይንሳዊ ዘዴ እንዲቆጠር መከረ። ይህም ምክር ሕግ ሳይሆን ቀረ። የቦልተኑ አባት ታሪክ ግን ትልቁን ቁም ነገር ይዞ ይገኛል፤ በዚያ ቀን የመውጫን አስፈላጊነት ያሰበው አዘጋጁ ሳይሆን ተመልካቹ ነበር።

ሐሜቱና ሕጉ

ጥር 2 ቀን 1971 እ.ኤ.አ. በዚያው በአይብሮክስ ስታዲዮም ሬንጀርስና ሴልቲክ ተጫውተው ሕዝቡ ሲወጣ 13ኛ ተብሎ በሚጠራው ደረጃ ላይ 66 ሰዎች ሞቱ። በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ሬንጀርስ አቻ የምታደርገውን ግብ ስላገባ፣ የወጡት ደጋፊዎች ጩኸቱን ሰምተው ሲመለሱ ከሚወርዱት ጋር ተጋጩ ተብሎ ተወራ። ምርመራው ይህን አልተቀበለም፤ ሕዝቡ ሁሉ ይሄድ የነበረው ወደ አንድ አቅጣጫ ወደ ታች ነበር። በዚያው ደረጃ ላይ በ1961 ሁለት ሰዎች ሞተው ነበር፤ ከዚያም በኋላ ሌሎች ጉዳቶች ደርሰዋል። ማስጠንቀቂያው በቂ ነበር። የስፖርት ሜዳዎችን ደኅንነት የሚመለከተው የእንግሊዝ አገር ሕግ የወጣው ከዚህ በኋላ በ1975 ነው። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ማለት ይህ ነው።

ነገሩ የአንድ አገር ወይም የአንድ የኅብረተሰብ ሥርዓት ጉዳይ ብቻ እንዳይመስል ሞስኮን መጥቀስ ተገቢ ነው። ጥቅምት 20 ቀን 1982 እ.ኤ.አ. በሉዥኒኪ ስታዲዮም ስፓርታክ ከሆላንዱ ሐርለም ጋር ተጫውቶ ሕዝቡ ሲወጣ በደረጃው ላይ በደረሰ መተፋፈግ በይፋ በተገለጸው ቁጥር 66 ሰዎች ሞቱ። ከአንድ አጭር የጋዜጣ ማስታወቂያ በቀር አደጋው ተሸፋፍኖ ቆየ፤ በዝርዝር የተነገረው ከሰባት ዓመት በኋላ በ1989 ነው። በአንዱ አገር ሕዝቡ ተወቀሰ፤ በሌላው አገር ሕዝቡ እንዳልሞተ ተቆጠረ።

የበረት ዘመን

በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ የእንግሊዝ ስታዲዮሞች በደጋፊዎች ጠብ ተናወጡ። ጠቡ እውነተኛ ነበር። የተሰጠው መልስ ግን ጠበኛውንና ሰላማዊውን ሳይለይ ሁሉንም በብረት አጥር መዝጋት ሆነ። መቆሚያዎቹ በክፍል በክፍል ተከለሉ፤ ከሜዳው ጋር የሚያገናኙአቸው ጠባብ መዝጊያዎች ብቻ ነበሩ። እንግሊዞች እነዚህን ክፍሎች የሚጠሩት የከብት በረት በሚጠራበት ቃል ነበር። በ1923 ሕዝቡን ያዳነው ክፍት ሣር በዚህ ዓይነት ተዘጋ።

ሚያዝያ 15 ቀን 1989 እ.ኤ.አ. በሼፊልድ ከተማ በሒልስቦሮ ስታዲዮም ሊቨርፑልና ኖቲንግሐም ፎረስት ለዋንጫው ግማሽ ፍጻሜ ተገናኙ። በሌፒንግስ ሌን በኩል የመቆሚያ ቲኬት ለያዙት 10,100 ያህል የሊቨርፑል ደጋፊዎች የተመደቡት ተሽከርካሪ በሮች ሰባት ነበሩ። ሒሳቡን ማንኛውም የክፍል ተማሪ ሊሠራው ይችላል። በጊዜው መመሪያ መሠረት አንድ በር በሰዓት ቢበዛ 750 ሰው ያስገባል፤ ሰባቱ 5,250 ያስገባሉ፤ ሁሉም ለመግባት ሁለት ሰዓት ገደማ ያስፈልጋል። በኋላ የተደረገው የባለሙያዎች ስሌት በዚያ ቀን አገባብ የመጨረሻው ሰው የሚገባው ከቀኑ 9 ሰዓት ከ40 ገደማ እንደነበር አሳይቷል። ጨዋታው የሚጀመረው በ9 ሰዓት ነበር። እንግዲህ አደጋው በቁጥር ተጽፎ የነበረው አንድም ደጋፊ ከቤቱ ሳይወጣ ነው።

ታሪክም አስጠንቅቆ ነበር። በ1981 በዚያው ወገን መተፋፈግ ደርሶ 38 ሰዎች ቆስለዋል። በ1987 በዚያው ሜዳ ሕዝቡ ስለዘገየ ጨዋታው በ15 ደቂቃ እንዲዘገይ ተደርጎ ሁሉም በሰላም ገብቷል። በ1989 ግን የመጀመሪያው ሰዓት አልተለወጠም። በበሩ ውጭ ያለው ጭንቅ ሰው ሊገድል ሲቃረብ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ከ52 ላይ የፖሊሱ አዛዥ «ሲ» የተባለው ሰፊ የመውጫ በር እንዲከፈት አዘዘ። ወደ 2,000 የሚሆን ሰው በእርጋታ ገባ። ፊት ለፊቱ ያገኘው ወደ መካከለኛዎቹ ክፍሎች የሚወስድ ዋሻ መሰል መተላለፊያ ነበር። መካከለኛዎቹ ክፍሎች ሞልተዋል፤ በግራና በቀኝ ያሉት ሰፊ ቦታ ነበራቸው። መተላለፊያውን ዘግቶ ሕዝቡን ወደ ጎን የሚመራ አንድም ሰው አልቆመም። በሩ ተከፈተ፤ መንገዱ ግን አልታሰበበትም።

በዚህ ቦታ የሕዝብ ብዛት እንዴት እንደሚገድል መረዳት ያስፈልጋል። ሰው በአብዛኛው የሚሞተው ተረግጦ አይደለም። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሰባት ያህል ሰው ሲቆም ሕዝቡ እንደ ፈሳሽ ይሆናል፤ ከኋላ የመጣ ትንሽ ግፊት ከፊት ሲደርስ ብረት ያጎብጣል። ሰው ቆሞ ሳለ ደረቱ ተጨምቆ መተንፈስ ያቅተዋል። ከኋላ ያለው ደግሞ ከፊት የሚሆነውን አያይም፤ ለእርሱ የሚታየው ክፍት መንገድ ብቻ ነው። ስለዚህ «ለምን ገፉ?» ብሎ መጠየቅ ወንዝን ለምን ወረድክ ብሎ እንደመጠየቅ ነው። ከፊት የሚሆነውን አይቶ ለኋላው መናገር የሚችለው ከላይ ሆኖ የሚመለከተው ኃላፊ ነው። ጨዋታው የቆመው ከቀኑ 9 ሰዓት ከ6 ላይ ነው። በአደጋው የሞቱት ቁጥር በ2021 ያረፈው ተጎጂ ሲጨመር 97 ሆኗል። ከሁሉም ታናሹ የ10 ዓመት ልጅ ነበር።

እውነትና ንጋት

ሰዎቹ ገና ሳይቀበሩ ክሱ ተነሣባቸው። አዛዡ ደጋፊዎቹ በሩን ሰብረው ገቡ ሲል ለእግር ኳስ ማኅበሩ ሹም ተናገረ። ከሕፃናቱ ጭምር ደም ተወስዶ አልኮል እንዳለበት ተመረመረ። አንድ ታዋቂ ዕለታዊ ጋዜጣ ደጋፊዎቹ ከሬሳ ኪስ ሰረቁ የሚል ሐሰት በመጀመሪያ ገጹ አወጣ፤ በሊቨርፑል ከተማ ብዙ ሰው ያን ጋዜጣ እስከ ዛሬ አይገዛም። ከአራት ወር በኋላ ዳኛ ቴይለር ዋናው ምክንያት የፖሊስ ቁጥጥር መጓደል መሆኑን በግልጽ ጻፉ። ይሁን እንጂ በ1991 የሞቱን ምክንያት ያጣራው ሸንጎ ነገሩን ድንገተኛ አደጋ ብሎ ዘጋው።

የሟቾቹ እናቶችና አባቶች ግን አልተኙም። በየዓመቱ ተሰበሰቡ፤ ሰነድ ለቀሙ፤ አቤት አሉ። በ2012 ገለልተኛው የመርማሪዎች ቡድን ሰነዶቹን አውጥቶ ከፖሊሶች የምስክርነት ጽሑፍ 164 ያህሉ ጉልህ ለውጥ እንደተደረገባቸው፣ ከነዚህም 116ቱ ፖሊስን የሚነቅፍ ቃል እንደተሰረዘባቸው ገለጸ። በ2015 አዛዡ ስለ በሩ የተናገረው ሐሰት እንደነበር ራሱ አመነ። ሚያዝያ 26 ቀን 2016 እ.ኤ.አ. አዲሱ ሸንጎ ሰዎቹ ከሕግ ውጭ መገደላቸውንና ደጋፊዎቹ ምንም ጥፋት እንደሌለባቸው ፈረደ። በ27 ዓመት ውስጥ ብዙ ወላጆች ይህን ሳይሰሙ ሞተዋል። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» የሚለው አባባል እውነት ነው፤ ንጋቱን የሚያቀርበው ግን ሳይተኛ የሚያድር ሰው ነው። አዛዡ በ2019 በወንጀል ችሎት ነጻ ተባለ። በዚያው ዓመት ከስታዲዮሙ ወገን ጥፋተኛ የተባለው የክለቡ የደኅንነት ኃላፊ ሲሆን ክሱ የተሽከርካሪ በሮቹን ቁጥር የሚመለከት፣ ቅጣቱም 6,500 ፓውንድ ነበር። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ሕግ በመጨረሻ ጣቱን ያሳረፈው በበሩ ላይ ነው።

ከሒልስቦሮ ወዲህ የብረት አጥሮቹ ፈረሱ፤ በ1994 የታላላቆቹ ክለቦች መቆሚያዎች በወንበር ተተኩ። ለውጡ ሰው አድኗል። ነገር ግን የመግቢያ ዋጋ እየናረ ሄዶ የጨዋታው ባለቤት የነበረውን ላብአደር ብዙውን ጊዜ ከበሩ ውጭ አስቀርቶታል። የብረቱ በር ሲከፈት የዋጋው በር ጠበበ።

የእኛይቱ አህጉር

አፍሪካም ይህን ትምህርት በራሷ ልጆች ሕይወት ተምራዋለች። ግንቦት 9 ቀን 2001 እ.ኤ.አ. በአክራ ሐርትስ ኦፍ ኦክ አሳንቴ ኮቶኮን 2 ለ 1 ሲመራ የተቆጡ ደጋፊዎች ወንበር ወረወሩ። ፖሊስ አስለቃሽ ጋዝ ተኮሰ፤ ሕዝቡ ወደ መውጫ ሲሮጥ የተቆለፉ በሮች አገኘ፤ ከ120 በላይ ሰዎች ሞቱ። ጥር 24 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. ደግሞ በያውንዴ በኦሌምቤ ስታዲዮም ካሜሩን ከኮሞሮስ ጋር ለአፍሪካ ዋንጫ ስትጫወት በመግቢያው ላይ በደረሰ መተፋፈግ 8 ሰዎች ሞቱ። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ክፍት መሆን ይገባው የነበረ በር ተዘግቶ መገኘቱን አስታወቁ። በዚያን ቀን የኮሞሮስ በረኞች በሕመምና በጉዳት ስለታጡ ግቡን የጠበቀው ተከላካይ ተጫዋች ነበር። ዓለም ሁሉ ያን ሰው አይቶ አደነቀ። በውጭ ባለው በር ላይ የጎደለውን በረኛ ግን ማንም አላየውም፤ የታየው ሰዎች ከሞቱ በኋላ ነው።

ከዌምብሌ እስከ ያውንዴ ያለው መቶ ዓመት የሚያስተምረው ረቂቅ ሳይንስ አይደለም። ከሚጠበቀው ሕዝብ ጋር የሚመጣጠን የበር ብዛት፣ ሲያስፈልግ የጨዋታውን ሰዓት የሚያዘገይ ሥልጣን፣ ከበሩ በኋላ ያለውን መንገድ የሚመራ ሰው፣ ከፊት ያለውን ጭንቅ ለኋላው የሚያሰማ ድምፅ፣ ሁልጊዜም ከውስጥ የሚከፈት መውጫ፤ እነዚህ አምስቱ በተሟሉበት ቦታ ሕዝብ ጎርፍ ሆኖ አያውቅም። በጎደሉበት ቦታ ሁሉ ግን አስቀድሞ የተዘጋጀ አንድ ቃል አለ፤ «ሕዝቡ ሥርዓት የለውም» የሚል። ታሪክ ይህን ቃል ደጋግሞ መርምሮ ሐሰት ሆኖ አግኝቶታል።

በአንድ የቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልጁን በትከሻው ተሸክሞ ወደ ስታዲዮም የሚሄድ አባት ለበረኛው ከገንዘቡ ጋር አደራ ይሰጣል። አደራውን መቀበል የጀግንነት ሥራ አይደለም፤ መቁጠር፣ መጠበቅና መክፈት ነው። የሜዳው በረኛ የሚመሰገነው በሩን በመዝጋቱ ነው፤ የደጃፉ በረኛ ግን የሚመሰገነው በጊዜው በመክፈቱ፣ የከፈተውም በር ወዴት እንደሚያደርስ በማወቁ ነው።